የአባት ምሬት ከሥራ ቦታ ወደ ቤት ሲገባ፦ ከየት እንጀምር?

ጥያቄ — የወላጆች_መድረክ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ለሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች፣ እዚያው ተወልደው ላደጉትም ከኛ አገር ለሄዱትም፣ የወላጆች ውይይት እያዘጋጀን ነው። ርዕሱ በቆዳ ቀለሙ ምክንያት ለዓመታት የተገፋ አባት ነው። አይማታም፣ አይጠጣም፣ ደመወዙንም ለቤቱ ያመጣል። እሱ ሲገባ ግን ቤቱ ይቀዘቅዛል። ልጁ አንድ ነገር ልሞክር ሲል "እነሱ አይሰጡህም፣ አትልፋ" ይለዋል። እናት መሃል ቆማ ታስታርቃለች።

ምሬቱ ወደ ልጅ የሚያልፈው በምን በኩል ነው? አባትየውን "ይቅር በል" ሳንለው ምን እንበለው? ልጆቹንስ ዘረኝነት የለም ብለን ሳንዋሻቸው እንዴት እናሳድጋቸው? አጠቃላይ ምክር በቂ አግኝተናል፤ ነገ ማታ ቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችል ነገር ብትጽፉልን።

መልስ 1 — የቤተሰብ_አማካሪ

ከማይሠራው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ሽማግሌ ይጠራና "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት" ይባላል። አባትየው "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" ብሎ ይመልሳል፤ ትክክልም ነው። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

ምሬት ከተራ ቁጣ የሚለየው፣ ተበድሎ በደሉን ማንም ያላመነለት ሰው ቁጣ በመሆኑ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ንግግር ምስክርነት ይሁን፦ "ያ እድገት ላንተ ይገባ ነበር። ሥራ ያስተማርከው ልጅ አለቃህ ሆነ። ግፍ ነው።" እዚህ ላይ ይቁም። "ግን" የምትለዋን ቃል ከኋላው አታስከትሉ፤ እሷ ከመጣች የፊተኛው ሁሉ ይሰረዛል። ለእሷ ሌላ ቀን አለ።

የበርሊኑ የአእምሮ ሐኪም ሚካኤል ሊንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን ሁኔታ ከድብርት ለይቶ ጽፎበታል። በይፋዊው የሕመም ዝርዝር ራሱን ችሎ አልገባም፤ ገለጻው ግን ለቤተሰብ ይጠቅማል። በከባድ ድብርት የተያዘ ሰው ብዙውን ጊዜ ጨዋታም አያስቀው። የመረረ ሰው ግን ሐሳቡ ሌላ ነገር ላይ ሲውል ይስቃል፤ ያ ጉዳይ ሲነካ ነው ግንባሩ የሚቋጠረው። "ከጓደኞቹ ጋር ይስቅ የለ እንዴ፣ ለኛ ሆን ብሎ ነው የሚያኮርፈው" የሚባለው ይህን ባለማወቅ ነው።

ወደ ልጅ የሚያልፍበትን መንገድ በደንብ ያሳየው ራንድ ኮንገርና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ ኪሳራ በመታቸው የአዮዋ ገበሬዎች ላይ የጀመሩት ጥናት ነው፤ ኋላ በአዮዋና በጆርጂያ ጥቁር ቤተሰቦች ላይም ተፈትሿል። የገንዘብ ጫናው የወላጅን መንፈስ ይሰብራል፣ የተሰበረ መንፈስ ባልና ሚስትን ያጋጫል፣ ግጭቱ ወላጅን በልጅ ላይ ኮስታራና ትዕግሥት የለሽ ያደርገዋል። ልጁን በዋናነት የሚደርሰው ይህ የመጨረሻው ነው። አድልዎም ሲጨመርበት በዚያው መስመር ይጓዛል። የውጭውን ዛሬ ማታ ማስተካከል አይቻልም። ምሬቱ የሚያልፍባቸውን፣ በባልና ሚስት መካከልና በአባትና በልጅ መካከል ያሉትን ሁለቱን በሮች ግን ዛሬም መዝጋት ይቻላል።

ሰዓቱን ጠብቃችሁ ካያችሁት፣ ጉዳቱ የሚበዛው ከበሩ እስከ እራት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲዞር ትንሹ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይቀንሳል፣ ትልቋ ሳህኗን ይዛ ወደ ክፍሏ ትገባለች፣ እናት ሰላም ከማለቷ በፊት ፊቱን ታነባለች። ልጆች የቁልፉን አዟዟር ሰምተው የዛሬውን ማታ መተንበይ ከቻሉ ምሬቱ ደርሷቸዋል፤ አንድም ቃል ሳይነገራቸው።

ለዚያ ሰዓት የምንሰጠው እንዲህ ያለ ነው። አባት ሲገባ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይናገራል፦ "ዛሬ 7 ነኝ። ከናንተ አይደለም።" በቁጥር መመዘኑንና ስሜቱ ሰውነት ላይ የት እንደያዘ ማስተዋሉን በዘር ውጥረት ላይ የሚሠራው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃዋርድ ስቲቨንሰን ያስተምረዋል፤ "ደረቴ ላይ 7" ማለት "ተበሳጭቻለሁ" ከማለት ይሻላል፣ ምክንያቱም ነገ 5 ሊሆን ይችላል። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻውን ይሁን፤ ሻወር ይግባ፣ ወይም ሰፈሩን አንድ ዙር ይዙር። የጋለ ሰውነት እስኪበርድ ያን ያህል ጊዜ ይፈልጋል። ስልክ ይዞ ከገባ ግን አይበርድም፤ የሥራ መልእክትና ዜና መልሰው ያግሉታል።

ዋናው መመለሱ ነው። 20 ደቂቃው ሲያልቅ ራሱ መጥቶ ሰላም ይበላቸው፤ ልጅ ሄዶ አይጥራው። ይህ የሚበላሸው 20 ደቂቃው 3 ሰዓት ሲሆን ነው፤ ያኔ ዕረፍት መሆኑ ቀርቶ ኩርፊያ ይሆናል።

መልስ 2 — መምህርት_እታለም

እኔ "አትልፋ" የምትለዋ ላይ ብቻ ልጻፍ፤ ከሁሉም የምታሳስበኝ እሷ ናት።

ዳያን ሂዩዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ወላጆች ስለ ዘር ለልጆቻቸው የሚሉትን በአራት መድበውታል፦ የራስን ባህልና ታሪክ ማስተማር፣ ለአድልዎ ማዘጋጀት፣ ጥርጣሬን ማስተማር፣ ወይም ቀለም ልዩነት የለውም ብሎ ማለፍ። ሁለተኛውና ሦስተኛው በድምፅ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። ማዘጋጀት "ይህ ሊያጋጥምህ ይችላል፣ ሲያጋጥምህ እንዲህ አድርግ" ይላል። ጥርጣሬ "ሁሉም ያው ናቸው" ብሎ ያበቃል። ልጁ ፍርሃቱን ይቀበላል፣ የሚያደርገው ነገር ግን አልተሰጠውም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው፤ እዚህ ግን እባቡን ያየው አባት፣ የሚበረግገው ልጅ ነው።

የአባት ማስጠንቀቂያ ውሸት አይደለም። ቀን ያለው እውነት ነው። የቤት ብድርን ውሰዱ። በ1930ዎቹ የፌዴራሉ የቤት ብድር መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ አዘጋጅቶ የጥቁሮችን ሰፈሮች በቀይ ቀባ፤ ቀይ ማለት ለብድር አደገኛ ማለት ነበር። በቤት ሽያጭና ኪራይ ማድላትን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው፤ የብድር ሕጉ ዘርን የጨመረው በ1976። ከዚያ በፊት ባንክ በር ላይ የተመለሰ ሰው ለልጁ "ባንክ እንዳትረግጥ" ቢል በዘመኑ ያየውን ነው የተናገረው። ዛሬ ልጁ ምክሩን እንዳለ ከወሰደው ግን ማመልከቻ ሳያስገባ ዕድሜ ልኩን ተከራይ ሆኖ ይቀራል፤ በሩን የዘጋበትም የገዛ አባቱ ይሆናል።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን አትጣሉት፣ ሙሉ አድርጉት። አንድ ወረቀት ለሦስት ይከፈልና አባትና ልጅ አብረው ይሙሉት። መጀመሪያ "እኔን ምን ደረሰብኝ፣ መቼ"፤ ይህን አባት ብቻ ይጽፋል፣ ልጅ ይሰማል፣ አያርምም። ቀጥሎ "ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ፣ ምን አልተለወጠም"፤ ይህን ልጁ ፈልጎ ያምጣ። የቤት ግምት ላይ የሚታየው አድልዎ ዛሬም ክስ የሚቀርብበት ጉዳይ ስለሆነ "ሁሉም አልፏል" ብሎ እንዳይጽፍ። መጨረሻ "ስለዚህ ምን ይደረግ"፦ ከአንድ በላይ አበዳሪ ጋር ማመልከት፤ የተሟላ ማመልከቻ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔውን የማወቅ መብት እንዳለ ማወቅ፤ ከተከለከለ ምክንያቱን በጽሑፍ መጠየቅ፤ አድልዎ ከጠረጠረ ለፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር በ1 ዓመት ውስጥ ማመልከት። ይህ የመጨረሻው ሲሞላ አባትየው ለልጁ መንገድ የሚያሳይ ሰው ይሆናል፤ ምሬቱ ልጁን የሚጠቅምበት ቦታ አገኘ ማለት ነው።

ከኛ አገር ስለሄደው አባት አንድ ነገር ልጨምር። እሱ ቆዳው ጥያቄ ባልሆነበት ቦታ ነው ያደገው። ነገሩ ያገኘው ካደገ በኋላ ነው፣ ስሙንም ያስተማረው የለም። ልጁ ግን ከሙአለ ሕፃናት ጀምሮ እየኖረው ነው። እዚያ ቤት ስለዚህ ነገር የበለጠ የሚያውቀው ልጁ ሊሆን ስለሚችል፣ አባት "ትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት ነው የሚሉህ?" ብሎ ይጠይቅ፣ ሲመለስለትም ዝም ብሎ ይስማ።

መልስ 3 — ፋይል_ያዥ

ምሬትን ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ በእንጥልጥል የቀረ ጉዳይ ነው። ቀነ ገደቦቹን እወቁ፤ ብዙ አባት የሚያመልጠው እዚህ ነው።

15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት፣ ለፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ማመልከቻ የሚገባው ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ክልሉ የራሱ አድልዎን የሚከላከል መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የዚህ ጉዳይ አማካሪ ማነጋገር አለበት። ለኮሚሽኑ ማመልከት ክፍያ የለውም። ኮሚሽኑ የሚሰጠው የመክሰስ መብት ደብዳቤ ከደረሰው በኋላ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን አለው። ትልቁ ስህተት "መጀመሪያ በሠራተኛ ማኅበሩ ወይም በውስጥ ቅሬታ ልጨርስ" ብሎ መጠበቅ ነው፤ የውስጥ ቅሬታ በጥቅሉ ቀኑን አያቆመውም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። 180ውም 300ውም ካለፈ፣ በ1866ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ለብዙዎቹ የሥራ ላይ የዘር አድልዎ ክሶች 4 ዓመት አለ፣ የሠራተኛ ቁጥርም አይጠይቅም፤ እሱን ጠበቃ ይየው።

ማስታወሻ በዚያው ቀን ይጻፍ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል በቃል፣ የሰማው ሰው፣ ከዚያ የተደረገው። ደግሞ ያው ጥፋት ያጠፋ ሌላ ሠራተኛ ምን እንደተቀጣ፤ ይህ ከስድቡ ይልቅ ክብደት ሊኖረው ይችላል። በራሱ ደብተር፣ ቤት ይቀመጥ። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የተጻፈ ማስታወሻ ሲባረር እዚያው ይቀራል።

አሁን ለቤቱ። ማስታወሻውና የጉዳዩ ወረቀት ያለበት ፋይል ሰዓት ይኑረው፦ በሳምንት ሁለት ማታ፣ 40 ደቂቃ፣ ከእራት ገበታ ርቆ፤ ከዚያ ፋይሉ ይዘጋል፣ መሳቢያ ይገባል። በሌላው ቀን ጉዳዩ ከተነሳ "ለማክሰኞ ጻፈው" ይባል። እባካችሁ፣ ልጅን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ አባቷ የተሰደበበትን ደብዳቤ ቃል በቃል ስትተረጉም፣ ስድቡን በራሷ አፍ ለአባቷ እየነገረችው ነው። አስተርጓሚ ከኮሚሽኑም ከጠበቃውም ይጠየቅ።

ቀኑ ሁሉ ላለፈበት ደግሞ፣ 15 እስከ 20 ደቂቃ፣ ለ3 ወይም ለ4 ቀን በተከታታይ፣ የሆነውንና የተሰማውን መጻፍ ጄምስ ፔንቤከር ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያጠናው ዘዴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሜቱ ሊብስ ይችላል፤ ይህን ቀድማችሁ ካልነገራችሁት ያቆመዋል።

መልስ 4 — የሠፈር_ነርስ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ጥሩ ነው፤ እናትየዋ ግን የት ሄደች? እሷም ጥቁር ናት፣ እሷም ሥራ ውላ ትመጣለች፣ እሷንም ይገፏታል። የእሷ ምሬት በዚያ ቤት ቦታ የለውም፤ ቦታውን የእሱ ይዞታል። ቁጥር መናገር ከተጀመረ እሷም ትናገር። ሁለቱም ከ6 በላይ ከሆኑ እራቱ ቀለል ይበል፣ ከባድ ወሬ ለነገ ይደር።

"አባታችሁ ደክሞት ነው" ማለቷንም ትተው። አባባሉ ለልጅ ደግ ይመስላል፣ ግን የአባትን ስሜት መተርጎም የሌላው ሥራ ነው ብሎ ያስተምራል። "ራሱ ይነግራችኋል" ትበልና ለእሱ ትተውለት።

"አይማታም" ተብሏል፤ ይሁን። ማስፈራራት፣ ዕቃ መስበር፣ ገንዘብና ስልክ መቆጣጠር ካለ ግን የጋራ ውይይቱ ይቅር፤ በውይይቱ ላይ የተናገረችው ማታ ቤት ውስጥ ይመጣባታል። የብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ነው፣ 24 ሰዓት፤ ብቻዋን ሆና ትደውል።

የደም ግፊቱንም ለኩ። ሸርማን ጄምስ በ1980ዎቹ እንዳሳየው፣ ደጋግሞ የሚገፋና ዐቅም ሳይኖረው "በጉልበቴ እወጣዋለሁ" የሚል ሰው ለደም ግፊት ይጋለጣል። 5 ደቂቃ ተቀምጦ፣ እግሩ መሬት ነክቶ፣ ክንዱ በልብ ደረጃ ሆኖ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ፤ ቡና ከጠጣ 30 ደቂቃ ይቆይ። ደጋግሞ 130/80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። "እስቲ ግፊትህን እንለካ" ሲባል እሺ የሚል አባት ብዙ ነው፣ "እስቲ ስለ ስሜትህ እናውራ" ሲባል እንቢ የሚለው ሁሉ።

የወላጆች_መድረክ

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ የቀረ፦ የ16 ዓመቱ ልጅ ራሱ ለአባቱ መናገር ቢፈልግስ?

የቤተሰብ_አማካሪ

መኪና ውስጥ ይሁን፤ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ። ሌላ ሰው አይኑር። ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፣ ወቀሳ አይሁን፦ "አባዬ፣ የምትነግረኝን ማስጠንቀቂያ እፈልገዋለሁ። ግን እንዳንተ የደረሰበት ሰው እንዴት እንዳለፈውም ንገረኝ።" ከዚያ ዝም ይበል። አባትየው መልስ ሳይሰጥ ቤት ሊደርሱ ይችላሉ፤ ልጁ ያንን እንቢታ አድርጎ እንዳይወስደው ቀድማችሁ ንገሩት። ጥያቄውን እናቱ ፊት ወይም እንግዳ ፊት አይድገመው። በሳምንቱ ያው መኪና ውስጥ አንዴ ብቻ ያንሳው።