በብሔራዊ መዝሙር የቀለደ ጋዜጣ ከመንግሥት ካዝና ይደጎም?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ከክሮኤሺያ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች)። ዛግሬብ ውስጥ የሰርቦች ብሔራዊ ምክር ቤት የሚያሳትመው ‹ኖቮስቲ› የሚባል ሳምንታዊ ጋዜጣ አለ። የሚደጎመው ለአናሳ ብሔረሰቦች ከተመደበ የመንግሥት በጀት ነው። በ2015፣ የክሮኤሺያ ጦር ሰርብ ታጣቂዎች የያዙትን ግዛት ያስመለሰበት ‹ማዕበል› የተባለው ዘመቻ 20ኛ ዓመት ሲከበር፣ ‹ውቢቱ አገራችን› የሚለውን የክሮኤሺያ ብሔራዊ መዝሙር ‹ውቢቱ መድፋችን› ብሎ ቀለደበት። የወንጀል አቤቱታ ቀረበበት። በ2017 ቀኝ አክራሪዎች ጋዜጣውን ቢሮው ደጃፍ አቃጠሉት። በ2024 ደግሞ ‹የአገር ንቅናቄ› የተባለው ቀኝ ዘመም ፓርቲ ጥምር መንግሥት ውስጥ ለመግባት ሲደራደር ድጎማው ይቁም አለ። እናንተስ?

ብሩክ፦ ይቁም። ማንም ይታሰር አላልኩም፣ ጋዜጣውም አይዘጋ። ግን የሰርብ ኃይሎች ከብበው ባወደሟት በቩኮቫር ከተማ በ1991 ልጁን የቀበረ ክሮኤሺያዊ አባት ለሚያላግጥበት ጋዜጣ ግብር ይክፈል? የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ይሄ ነው።

ሄለን፦ ወጪቱ የሰርቦቹም ነው ብሩክዬ፣ እነሱም ግብር ይከፍላሉ። ድጎማውም ችሮታ ሳይሆን በ2002 የወጣው የአናሳ ብሔረሰቦች መብት ሕግ የሚደግፈው ነው። ደግሞ የተቀለደው በሟች አይደለም፣ በበዓሉ ነው። በነሐሴ 1995 በዚያ ዘመቻ ከ150 ሺህ የማያንስ ሰርብ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ቀኑ አሁን የድል በዓል ነው። መድፍ የተተኮሰበት ሰው በዚያ ቀን ምን ይዘምር?

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ እኔን የሚያስፈራኝ እሳቱ ነው። ኢስታንቡል ውስጥ የአርመኖቹ ጋዜጣ የ‹አጎስ› አዘጋጅ ህራንት ዲንክ በ2005 ‹ቱርክነትን ሰደበ› ተብሎ ተፈረደበት። በጥር 2007 ቢሮው ደጃፍ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ የ17 ዓመት ልጅ! ጽሑፉን አንብቦት ነው እንዴ? እኔስ አይመስለኝም። በ2010 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ቱርክ ሕይወቱን አልጠበቀችለትም ሲል ወሰነ።

ብሩክ፦ ጋሼ፣ ነፍሱን ይማር። ግን በጀት መቁረጥና ሰው መግደል ምን አገናኛቸው?

ሄለን፦ እሺ፣ ስለ በጀት እናውራ። ሪየካ የሚታተመው የጣሊያኖቹ ዕለታዊ ‹ላ ቮቼ ዴል ፖፖሎ›ም የመንግሥት ድጎማ ያገኛል። ለምን እሱን ቁረጡት አትልም?

ብሩክ፦ እሱ በመዝሙር አያላግጥማ!

ሄለን፦ አየህ፣ በበጀት ስም ፌዙን እየቀጣህ ነው።

ብሩክ፦ ይሁን እንበል። አንባቢዎቹ አዋጥተው ያሳትሙት።

ጋሽ ታደሰ፦ በ2021 ቆጠራ ሰርቦቹ ከመቶ 3 ቢበዙ ትንሽ ነው፣ ብዙዎቹም በዕድሜ የገፉ ናቸው። ከማን ሊዋጣ ነው ልጄ?