ከወሊድ በኋላ ሽንት ማምለጥ፦ መጠኑ ይለካል እንዴ?

የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ)
ሰላም እህቶች፣ ስሜ ስለማይታወቅ ነው ደፍሬ የምጽፈው። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ሁለት ወር አለፈኝ። እርጉዝ እያለሁ ወደ መጨረሻው ሳስነጥስ ጠብ ይል ነበር፣ ስትወልጂ ይተውሻል ሲሉኝ ዝም አልኩ፣ አልተወኝም። ስስቅ፣ ስስል፣ ልጁን ብድግ ሳደርግ፣ ቁልቁለት ስወርድ (ደሴን ታውቋታላችሁ፣ ሁሉም ነገር ዳገትና ቁልቁለት ነው) ያመልጠኛል። ለክትባት ስሄድ ለነርሷ ነገርኳት፣ «ምን ያህል ነው?» አለችኝ፣ ምን ልበላት፣ ትንሽ አልኩ፣ ትንሽ ብላ ጻፈችና አለፈች። ይሄ ነገር እንደ ደም ግፊት የሚለካበት መንገድ የለውም?

ሚድዋይፍ ነኝ (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ፣ አለው። አይሲአይኪው የሚባል አጭር መጠይቅ አለ፣ ያለፉትን 4 ሳምንታት ነው የሚጠይቅሽ። ስንት ጊዜ ያመልጥሻል ከ0 እስከ 5፣ ብዛቱ ምንም 0 ትንሽ 2 መካከለኛ 4 ብዙ 6፣ ኑሮሽን ምን ያህል አስቸገረሽ ከ0 እስከ 10፣ ድምሩ ከ21። መጨረሻ ላይ መቼ ነው የሚያመልጥሽ ይላል፣ እሱ ነጥብ የለውም ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ በሳቅና በሳል የሚመጣው ሌላ ነው፣ ድንገት አጣድፎ ሽንት ቤት ሳትደርሺ የሚቀድምሽ ሌላ፣ ህክምናቸውም ይለያያል። ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አይሞላልሽም። እኩል የሚያመልጣቸው ሁለት ሴቶች አንዷ 2 ሌላዋ 9 ትላለች፣ ለየሰላቱ ውዱእ የምታድስ፣ ቅዳሴ መቆም የፈራች፣ ፋብሪካ በሽፍት የምትሰራ፣ የሁሉም ሸክም አንድ አይደለም።

ወሎየዋ
ሞዴስ ይመዘናል ሲሉ ሰምቼ ስቄ ነበር፣ እውነት ነው እንዴ? 😂

ሚድዋይፍ ነኝ (ኮምቦልቻ)
እውነት ነው። ደረቁ ይመዘናል፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ትጠጪና ለ1 ሰዓት አድርገሽው ትራመጃለሽ፣ ደረጃ ትወጫለሽ፣ ትስያለሽ፣ ጎንበስ ቀና ትያለሽ፣ ከዛ እንደገና ይመዘናል። ከ1 ግራም በላይ ከጨመረ ያመልጣታል ይባላል። አራስ ላይ ግን ደሙ ሳይቆም አይሰራም፣ ደሙም አብሮ ይመዘናላ።

ወሎየዋ
1 ግራም የሚለይ ሚዛን ያለው ወርቅ ቤት ነው፣ ሄጄ መዝኑልኝ ልበል 😂😂

ሚድዋይፍ ነኝ (ኮምቦልቻ)
ሚዛኑን ተይው፣ 3 ቀን መዝግቢ ይበቃል። የጠጣሽውን (አጥሚቱም ይቆጠራል)፣ የሸናሽበትን ሰዓት፣ ያመለጠሽን፣ ምን ስትሰሪ እንደነበር፣ ስልክሽ ላይ ጻፊው።

7 ወሬ ነው
እኔ እርጉዝ ነኝ፣ አንዳንዴ እርጥብ እላለሁ፣ ሽንት ይሁን ሌላ በምን ልወቅ?

ሚድዋይፍ ነኝ (ኮምቦልቻ)
አንቺ ቁጥር ውስጥ አትግቢ፣ ዛሬውኑ ታዪ። የሽርት ውሃ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ቤት ቁጭ ብሎ መለየት ከባድ ነው።

የሦስት ልጆች እናት
ከተራዘመ ምጥ በኋላ ሌት ተቀን ሳያቋርጥ የሚፈሳት ካለችም መጠይቅ አያስፈልጋትም፣ ፊስቱላ (በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ) ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ትሂድ። ሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል በነፃ ነው የሚያክሙት፣ ባህር ዳርም ቅርንጫፍ አላቸው።

የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ)
ሞላሁት። 4፣ 2፣ ለሦስተኛው 7 ሰጠሁ፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳ ቶሎ አልነሳም። 13 መጣ፣ ብዙ ነው?

ሚድዋይፍ ነኝ (ኮምቦልቻ)
ከ13 እስከ 18 ከባድ ከሚባለው ይመደባል። ጠብታው ትንሽ ሆኖ ኑሮሽን ስላጠበበው ነው፣ አትደንግጪ፣ ቁጥሩንና የ3 ቀኑን ጽሑፍ ይዘሽ ሂጂ። መጀመሪያ ሽንትሽን ያዩልሽ፣ ኢንፌክሽንም እንዲህ ያደርጋል። ከዛ የዳሌ ወለል ጡንቻ እንቅስቃሴ ያሳዩሽ፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው ሰብስቦ መልቀቅ ነው፣ በአንድ ዙር 8 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር፣ ቢያንስ 3 ወር። ሆድሽንና ቂጥሽን አታጠንክሪ፣ ትንፋሽሽንም አትያዢ፣ ብዙዎቹ እዛ ላይ ነው የሚበላሽባቸው። ከ3 ወር በኋላ ያንኑ መጠይቅ ድገሚው፣ ካልቀነሰ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፉልሽ።