ዊንዶውስንና ፒችትሪን እንደገና ሳይጭኑ ወደ አዲስ ኤስኤስዲ ማዛወር ይቻላል?

ጠያቂ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ

ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ እሠራለሁ። ዋናው ዴስክቶፕ ኮምፒውተራችን 1 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ ያለው ሲሆን፣ ጠዋት ዊንዶውስ 10 ተነሥቶ የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ እስኪከፈት ድረስ ደንበኛ ተቀምጦ የሚጠብቅበት ጊዜ ከልክ በላይ ረዝሟል። በዚህ ምክንያት 480 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ (ከሀርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ገዝተናል።

ሲ ድራይቭ 300 ጊጋባይት ሆኖ የተያዘው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ዲ ድራይቭ ግን ስካን በተደረጉ ደረሰኞችና በደንበኞች ሰነድ ተሞልቷል፤ የፒችትሪ የድርጅቶች ፋይልም የተቀመጠው እዚያው ዲ ላይ ነው። ያማከርኩት ባለሙያ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን እንደሚሻል ነግሮኛል፤ ይሁን እንጂ ፒችትሪ የተጫነበት ሲዲም ሆነ የመለያ ቁጥሩ በእጃችን የለም፤ ደብዳቤ የምንጽፍበት ፓወር ግዕዝም እንደዚሁ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሥራ ማቋረጥም አንችልም።

የሲ ድራይቭን ፋይሎች በሙሉ ገልብጬ አዲሱ ዲስክ ላይ ባስቀምጣቸው ኮምፒውተሩ ይነሣል ወይ? አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ማነሱስ እንቅፋት ይሆናል? ሥራው በተጀመረበት መብራት ቢጠፋ ምን ይደርሳል? አሮጌው ዲስክ አልፎ አልፎ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እንደሚያሰማም መጥቀስ ይኖርብኛል።

መልስ 1፦ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ

እህቴ፣ በመጨረሻ የጠቀሱት ድምፅ ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ነው። ሀርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር አንባቢው ጭንቅላት የሚፈልገውን ቦታ እያጣ ደጋግሞ እየሞከረ ሊሆን ስለሚችል፣ ስለ ዝውውሩ ከማሰብዎ በፊት ዛሬውኑ በፒችትሪ ውስጥ ባለው የባክአፕ ትእዛዝ የእያንዳንዱን ድርጅት ሒሳብ ወደ ፍላሽ ያውጡ፤ የደረሰኞቹንም ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ባክአፑ በሚወጣበት ጊዜ በቢሮው ኔትወርክ ያሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ፒችትሪን ዘግተው መውጣት አለባቸው። ከዚያ በኋላ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍተው የአሮጌውን ዲስክ ጤንነት ይመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ይቀጥሉ፤ ቢጫ ወይም ቀይ ከሆነ ግን ምንም ሳይነኩ እዚሁ ይጻፉልን።

ፋይሎችን ገልብጦ ማስቀመጥ ኮምፒውተሩን አያስነሣውም። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ከሲ ድራይቭ ውጭ ያለ፣ በዊንዶውስ መስኮት የማይታይ ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍልፋይ) ነው፤ ዊንዶውስ የት እንዳለ የሚያመለክተው መረጃ የተጻፈውም እዚያ ላይ ነው። በተጨማሪም ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ የሬጅስትሪ (የዊንዶውስና የፕሮግራሞች ቅንብር መዝገብ) ፋይሎቹን ቆልፎ ስለሚይዝ በተራ ግልበጣ አይወጡም። ስለዚህ የሚያስፈልግዎ ክሎን ማድረግ፣ ማለትም ትንሹን ፓርቲሽንና ሲን ባሉበት አሠራር ወደ አዲሱ ዲስክ ማሸጋገር ነው። ሬጅስትሪው አብሮ ስለሚሄድ ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ እንደተጫኑ ይቆያሉ። የዊንዶውስ 10 ዲጂታል ፈቃድም በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ዲስክ መቀየር ብቻውን አያፈርሰውም።

የዲስኩ ማነስ ችግር የሚሆነው ዲን ጨምረው ለማዛወር ከሞከሩ ብቻ ነው። 480 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ ውስጥ 447 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ 300 ጊጋባይት የሆነውን ሲ በምቾት ይይዛል። ዲ በአሮጌው ዲስክ ላይ ይቆይ፤ ዴስክቶፕ ስለሆነ ሁለቱም ዲስኮች አብረው መሥራት ይችላሉ። ክሎን የሚያደርገውን ፕሮግራም ሲመርጡ ግን ይጠንቀቁ፤ ክሎንዚላ ነፃና አስተማማኝ ቢሆንም፣ ዲስክን በሙሉ ወደ ዲስክ ሲያዛውር በተለመደው አሠራሩ መድረሻው ከመነሻው እንዳያንስ ይፈልጋል። ማክሪየም ሪፍሌክት የሚፈልጉትን ፓርቲሽን ብቻ እንዲመርጡ ያስችላል፤ ነፃ እትሙ በ2024 እ.ኤ.አ. ቢቋረጥም የሙከራ ጊዜ አለው፤ ክሎን ማድረግን የሚፈቅድ መሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። የሳምሰንግ የራሱ ማዛወሪያ የሚሠራው አዲሱ ዲስክ ሳምሰንግ ሲሆን ብቻ ነው።

መልስ 2፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሐዋሳ

መብራትን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው ትክክለኛውን ቦታ አይደለም። ክሎን ሲደረግ ከአሮጌው ዲስክ የሚነበብ እንጂ በላዩ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ፣ መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው አዲሱ ዲስክ ላይ የተጀመረው ግልበጣ ነው፤ እሱን አጥፍቶ ከመጀመሪያው መጀመር ይቻላል። እውነተኛው አደጋ ያለው አንዳንዶች እንደሚመክሩት ቦታ ለማመቻቸት ሲሉ በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን ፓርቲሽን ማሳነስ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ፋይሎች በዚያው ዲስክ ውስጥ ከቦታ ቦታ ስለሚንቀሳቀሱ በመሀል መብራት ከሄደ ያለዎት ብቸኛ ቅጂ ሊጎዳ ይችላል። በእርስዎ ሁኔታ ማሳነስ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ቢሆንም ዩፒኤስ ካለ ይሰኩት።

እንደ አዲስ መጫንን የመከረዎት ባለሙያ ያለ ምክንያት የተናገረ አይመስለኝም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ የደንበኞችን ሒሳብ የሚይዝ ኮምፒውተር ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያ ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ሊቆይ አይገባውም። ሆኖም የመጫኛ ሲዲ በሌለበት፣ ዓመቱ ሊዘጋ በተቃረበበት ወቅት ሁለቱን ሥራዎች ማደባለቅ ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ። አሁን ክሎን ያድርጉ፤ ሒሳቡ ከተዘጋ በኋላ የፒችትሪን ፈቃድ ጉዳይ መፍትሔ ሰጥተው ወደ ዊንዶውስ 11 ስለመሸጋገር ያስቡ።

አንድ ነገር አስቀድመው ያረጋግጡ፤ አሮጌው ዲስክ የተደራጀው በኤምቢአር ነው ወይስ በጂፒቲ (አሮጌውና አዲሱ የዲስክ አከፋፈል ስልት)? በኤምቢአር ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚነሣው በአሮጌው የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ስልት ስለሆነ፣ ከክሎኑ በኋላ የባዮሱን ቅንብር አዲሱ የአነሣስ ስልት ወደሆነው ዩኢኤፍአይ የለወጠ ሰው ዲስኩ የማይነሣ ይመስለዋል። ቅንብሩን እንዳለ ይተዉት። ወደ ዊንዶውስ 11 ሲሄዱ ጂፒቲ ማስፈለጉ አይቀርም፤ ለዚያ ዳታ ሳያጠፋ የሚቀይር መሣሪያ ከ2017ቱ የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል።

ጠያቂ፦ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አዳማ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሁሉንም ድርጅቶች ባክአፕ አውጥቼ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሼ ከፍቼ ትክክል መሆኑን አይቻለሁ። ሰነዶቹም ተገልብጠዋል። ዲስኩ ኤምቢአር ነው። የጤንነት ምልክቱ ግን ቢጫ ሆኖ፣ ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች (ትንንሽ የዲስክ ክፍሎች) እንዳሉ ያሳያል። አሁን ምን ላድርግ? ዲ ድራይቭን በዚህ ዲስክ ላይ መተውስ ይቻላል?

መልስ 3፦ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ አዳማ

ባክአፑን መልሰው ከፍተው ማየትዎ እጅግ የሚያስመሰግን ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚጠፋ ሒሳብ የለም። ዲን እዚያ ላይ ስለመተው የሰጠሁት ምክር ከእንግዲህ አይሠራም፤ ያ ዲስክ ከሥራ መውጣት አለበት። የዲስክ ስህተት ማረሚያውን በላዩ አያስኪዱ፤ የደከመ ዲስክን ከዳር እስከ ዳር እንዲነበብና እንዲጻፍበት ማድረግ ድካሙን ያባብሰዋል።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው ኤስኤስዲውን በራሱ የሳታ ኬብል ይሰኩ፤ ትርፍ ኬብል ከሌለ አስቀድመው ይግዙ። ክሎኑን በመጀመሪያ በተለመደው መንገድ ይሞክሩ፤ በንባብ ስህተት ምክንያት ከቆመ በፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ መጥፎ ሴክተሮችን አልፎ እንዲቀጥል የሚፈቅደውን ምርጫ ያብሩ። የታለፈው ሴክተር የማይረባ ጊዜያዊ ፋይል ሊሆን ይችላል፤ የዊንዶውስ ፋይል ከሆነ ደግሞ በአዲሱ ዲስክ ላይ ከተነሣ በኋላ የሲስተም ፋይሎችን መርምሮ የሚጠግነው የዊንዶውስ ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ያስተካክለዋል።

ክሎኑ እንዳለቀ ኮምፒውተሩን አጥፍተው የአሮጌውን ዲስክ ኬብል ይንቀሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዲሱ ብቻ ይነሣ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ሊይዙ ስለሚችሉ አብረው ከቆዩ ዊንዶውስ አንዱን ሊዘጋው ይችላል፤ ወይም ሳያውቁት በአሮጌው ተነሥተው ሊሠሩ ይችላሉ። በሲ ላይ ያለው ዳታ ከግማሽ ብዙም ስለማይበልጥ 300 ጊጋባይቱ ይበቃዋል፤ ከአዲሱ ዲስክ የሚቀረውን 147 ጊጋባይት ገደማ አዲስ ፓርቲሽን አድርገው ዲ የሚለውን ፊደል ይስጡት፤ የድርጅቶቹን ፋይል በነበረው የፎልደር ስም እዚያ ይመልሱ። ፒችትሪ የሚፈልጋቸው በዚያው አድራሻ ስለሆነ ፊደሉ ከተለወጠ ድርጅቶቹ የጠፉ ይመስላሉ። ስካን የተደረጉት ደረሰኞች ከዚህ ቦታ በላይ ከሆኑ በገለበጡበት ሌላ ዲስክ ላይ ይቆዩ።

መልስ 4፦ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሐዋሳ

አንዳንድ የፈቃድ ምዝገባዎች ከዲስኩ የፋብሪካ ቁጥር ጋር ስለሚያያዙ፣ ፒችትሪ በአዲሱ ዲስክ ላይ ቁጥር ከጠየቀ ወደኋላ መመለሻዎ አሮጌው ዲስክ ነው፤ ስለዚህ የሰኔ ሒሳብ ተዘግቶ ሪፖርቱ እስኪወጣ ድረስ ፎርማት ሳይደረግ፣ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ፣ ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጥ። በአዲሱ ዲስክ ላይ ደግሞ የዊንዶውስን ድራይቭ ማመቻቻ መስኮት ከፍተው ዲስኩ ሶሊድ ስቴት ተብሎ መመዝገቡን ይመልከቱ፤ እንደዚያ ከሆነ ዊንዶውስ የተሰረዙ ቦታዎችን በየጊዜው ለዲስኩ ያሳውቃል፤ የመጻፍ ፍጥነቱም በጊዜ ብዛት እንዳይቀንስ ይረዳል።