የመኸር የፊልም ምሽቶች፦ የጋራ ማመልከቻችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ማኅበራችን እዚህ ጀርመን ላለንበት ከተማ የባህል ክፍል የሚያስገባውን የድጋፍ ማመልከቻ እዚሁ ተነጋግረን እንጨርሰው። እስካሁን የተስማማነው ይሄ ነው፦ ከኦክቶበር ጀምሮ አምስት ዓርብ ምሽት፣ አምስት የድሮ የጀርመን ፊልሞች፣ ከፊልሙ በኋላ በአማርኛ ውይይት፣ ጀርመን ጎረቤቶቻችንም ይጋበዛሉ። ያልተስማማነው ዋናው ላይ ነው። የትኞቹ አምስት? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጻፉልኝ፣ ማመልከቻው ላይ እንደዛ ነው የሚገባው።

የወጣቶች ክፍል፦ ሜትሮፖሊስ! ምን ጥያቄ አለው። በ1927 ተሠርቶ ዛሬም የሮቦት ፊልም የሚሠራ ሁሉ ከሱ ነው የሚቀዳው። ፖስተሩ ብቻውን ሰው ይጠራል።

የፊልም ክፍል፦ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ታገሱኝ። ሜትሮፖሊስን አልጠላም። መክፈቻ ይሁን ከተባለ ግን እቃወማለሁ። በ2008 ቦነስ አይረስ ውስጥ ጠፍቶ የነበረው ክፍል ከተገኘ በኋላ፣ በ2010 የወጣው እድሳት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሄዳል። ድምፅ አልባ ነው። ዓርብ ማታ ከሥራ ደክሞት የመጣ ሰው ግማሹ ላይ ያንቀላፋል። ይሄ ግን ትንሹ ችግር ነው፣ እኔን የሚያናድደኝ መጨረሻው ነው። ከታች የሚለፉትንና ከላይ የሚንደላቀቁትን ያን ያህል ሰዓት ሲያሳየን ቆይቶ፣ በስተመጨረሻ እጅ ለእጅ አጨባብጦ ይዘጋዋል። በቃ? ዳይሬክተሩ ፍሪትዝ ላንግ ራሱ በኋላ መጨረሻው እንደማይጥመው ተናግሯል። ዓይን ይጠግባል፣ ሰው ግን ተነስቶ የሚከራከርበት ነገር አያገኝም፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ክርክሩን ነው።

ከድምፅ አልባዎቹ አንድ ይግባ ካላችሁ "የመጨረሻው ሰው" ይሁን። 1924፣ የዳይሬክተሩ የሙርናው ሥራ። ሰውየው የትልቅ ሆቴል በር ጠባቂ ነው። የሚያብረቀርቅ ቁልፍ ያለው ረጅም ካፖርት አለው፣ ሰፈሩም የሚያከብረው በካፖርቱ ነው። አንድ ቀን አርጅተሃል ተብሎ ካፖርቱን ያስወልቁትና ምድር ቤት መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ፎጣ አቀባይ ያደርጉታል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ካፖርቱን ሰርቆ ለብሶ ማታ ሰፈሩ ይገባል፣ ቤት ሰርግ አለበትና። እንግዲህ ዲግሪውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ እዚህ አገር ያገኘውን ሥራ የሚሠራ፣ ለአገር ቤት ሰዎች ግን ሌላ የሚያወራ ስንት ሰው አለን። ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ደግሞ ሌሎቹ ድምፅ አልባ ፊልሞች በየመሃሉ የሚደነቅሩት የጽሑፍ ካርድ እዚህ የሚመጣው አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም መጨረሻው አካባቢ። የቀረውን ካሜራው ይናገራል። የካሜራ ባለሙያው ካርል ፍሮይንድ ካሜራውን ደረቱ ላይ አስሮ እየተራመደ ነው አንዳንዱን ትዕይንት ያነሳው። የሚነበብ ደብዳቤና ጋዜጣ አለ፣ እሱን አንዳችን ጮክ ብለን ብናነብ በቂ ነው። ጀርመንኛው ያልገባላቸው እናቶቻችን ከማንም እኩል ያዩታል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁም ነገር ልጨምር። ከኢንተርኔት አውርዶ አዳራሽ ውስጥ ማሳየት የለም። ለሕዝብ ማሳያ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማመልከቻውን የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀንም እሱን ነው። ኡፋ የሚባለው የድሮው የጀርመን ፊልም ኩባንያ ፊልሞች አብዛኞቹ እዚሁ ጎረቤታችን ቪስባደን ባለው የሙርናው ፋውንዴሽን እጅ ናቸው። የምሥራቅ ጀርመኖቹን ደግሞ በርሊን ያለው የዴፋ ፋውንዴሽን ነው የያዘው። ዋጋውን በጽሑፍ እጠይቃለሁ። መልስ ሳይመጣ በጀት ላይ ቁጥር አልጽፍም፣ አትጨቅጭቁኝ።

አንጋፋ አባል፦ ልጆች፣ ስለ ምሥራቅ ጀርመን ከተነሳ እኔም ድርሻ አለኝ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልከን ላይፕዚግ ከከረምነው ነኝ። የዴፋን፣ የምሥራቅ ጀርመኑን የፊልም ድርጅት፣ ፊልሞች እዚያው ነው ያየናቸው፣ ብዙዎቹ ስብከት ይበዛባቸዋል፣ አልዋሻችሁም። "ገዳዮቹ መካከላችን ናቸው" የሚለው ግን ሌላ ነው። እሱ ሳይኖር ከጦርነቱ በኋላ ያለውን ጀርመን አሳየን ማለት አይቻልም።

የፊልም ክፍል፦ ጋሼ ከአፌ ነጠቁኝ! የኔም ዋና ሃሳብ እሱ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የተሠራው የመጀመሪያው የጀርመን ፊልም ነው፣ በርሊን ላይ የታየው በኦክቶበር 1946 ነው። ፍርስራሹ እውነተኛ ፍርስራሽ ነው፣ ስቱዲዮ አልሠራውም። ዳይሬክተሩ ቮልፍጋንግ ሽታውተ መጀመሪያ ያኔ ጀርመንን የያዙትን ምዕራባውያን አስፈቅዶ አልሆነለትም፤ የፈቀዱለት ሶቪየቶቹ ናቸው። ታሪኩን ለማያውቁት፦ ሜርተንስ የሚባል ከጦር ሜዳ የተመለሰ ሐኪም አለ፣ መጠጥ ውስጥ ገብቷል። የድሮ አዛዡ ብሩክነር በ1942 የገና ዋዜማ ፖላንድ ውስጥ ሴትና ሕፃን ሳይለይ ያስረሸነ ሰው ነው። አሁን ምን ሆኗል? ፋብሪካ ከፍቶ የወታደር የብረት ቆብ ወደ ድስት እየቀየረ ይሸጣል። ሚስቱን ይወዳል፣ ልጆቹን ያጫውታል፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ይጋብዛል። የሚያስፈራው እሱ ነው። ጭራቅ ቢሆን ይሻል ነበር።

በመጀመሪያው ጽሑፍ ሐኪሙ ሰውየውን ይገድለው ነበር። ሶቪየቶቹ ሰው ሁሉ በገዛ እጁ ፍርድ እንዳይሰጥ ፈርተው አስቀየሩት፣ አሁን ያለው ለፍርድ ይቅረብ የሚል መጨረሻ ነው። ይህንን ሳስብ ሳንሱሩ ፊልሙን አሻሻለው እላለሁ፣ የሚከራከረኝ ይምጣ። የማይጥመኝ ነገርም አለ። ሱዛነ፣ ሂልደጋርድ ክኔፍ የምትጫወታት፣ ከማጎሪያ ካምፕ ነው የምትመለሰው። ፊቷን ብታዩት ግን ከውበት ሳሎን የወጣች ነው የምትመስለው። ምን አየሽ፣ ምን ሆንሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሥራዋ ቤት መጥረግና የሐኪሙን ቁስል ማስታመም ሆነ። ጀርመን በ1946 ስለ ራሷ ሕመም ለማውራት ዝግጁ ነበረች፣ ስለ ሌላው ሕመም ገና ነበረች። ሽታውተም ራሱ በ1940 አይሁዶችን ለማስጠላት በተሠራው ፊልም ውስጥ ትንሽ ቦታ ላይ ተጫውቷል። ይሄን ደብቀን ሳይሆን ተናግረን ነው ማሳየት ያለብን።

ገንዘብ ያዥ፦ ወንድሜ፣ ፊልሙ ጥሩ ይሁን፣ ውይይቱን ግን ፈራሁት። ገዳይ ጎረቤትህ ሆኖ ሲኖር ምን ታደርጋለህ ብለን አዳራሽ ውስጥ ከጠየቅን፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ወደ አገራችን ጉዳይ እንገባለን። ይሄ ማኅበር ባለፉት ዓመታት ስንት አባል እንዳኮረፈበት እናውቃለን።

አንጋፋ አባል፦ ልክ ነህ። ግን እስኪ አስበው። የቀይ ሽብር ጊዜ ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች ገዳዩን ገበያ ላይ እያገኙ ኖረዋል። ይሄንን በአማርኛ ሲወራ ሰምተው የማያውቁ ልጆች አሉን። የጀርመን ፊልም ሲሆን ቢያንስ የማንም ወገን አይደለም፣ ሰው ሳይቆጣ ሊያዳምጥ ይችላል።

የሴቶች ክፍል፦ እኔ ከሁለታችሁም ጋር ነኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስለ ፊልሙ ብቻ ይሁን፣ ከዚያ የፈለገ ይቆይ። አወያይም ከማኅበሩ ውጭ ይምጣ። ሌላ ደግሞ፣ እናቶች ሲሲን እየጠየቁ ነው፣ ሮሚ ሽናይደር የተጫወተችበትን ፊልም። አትሳቁ።

የፊልም ክፍል፦ አልሳቅኩም እህቴ! ሲሲ የኦስትሪያ ፊልም ናት፣ 1955። ያኔ ሕዝቡ ሲኒማ ቤት የሚጋፋው እንዲህ ያለውንና የአረንጓዴ ተራራ ፊልሞችን ለማየት ነው። ፍርስራሽ ሲጠርግ ለዋለ ሰው ማታም ፍርስራሽ ማሳየት ከባድ ነው፣ ይገባኛል። እንደ ፊልም ግን ስኳሩ ይበዛብኛል። ከአምስቱ አንዷ አትሁን፣ ለእናቶች ቀን ሌላ ዝግጅት እናድርግላት።

"ድልድዩ" ግን ይግባ። በርንሃርድ ቪኪ፣ 1959። ጦርነቱ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ሰባት ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሰው ማንም የማይፈልገውን ድልድይ እንዲጠብቁ ይደረጋል። የመጀመሪያው ሰዓት ቀስ ይላል፣ ልጆቹ ይጣላሉ፣ ያፈቅራሉ፣ ጀልባ ያገኛሉ። ወጣቶች፣ እዚያ ላይ ስልክ እንዳታወጡ። ያ ሰዓት ባይኖር ሁለተኛው ሰዓት ተኩስ ብቻ ይሆን ነበር። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ጽሑፍ፣ ነገሩ ከትንሽነቱ የተነሳ በጦር ሠራዊቱ መግለጫ ውስጥ እንኳ አልተጠቀሰም ይላል። እኔን ከተኩሱ ሁሉ የጎዳኝ እሱ ነው።

የወጣቶች ክፍል፦ እሺ ሁለቱ ይግቡ። ግን ሁሉም የጀርመኖች ሐዘን ሆነ። እኛ የት አለን?

የፊልም ክፍል፦ ለዚህ ነው በዳይሬክተሩ በፋስቢንደር ፊልም "ፍርሃት ነፍስን ይበላል" እንዝጋ የምለው። 1974፣ ሙኒክ። ኤሚ በዕድሜ የገፋች ባሏ የሞተባት የጽዳት ሠራተኛ ናት፣ አሊ ከሞሮኮ የመጣ፣ በዕድሜ ብዙ የሚያንሳት የጉልበት ሠራተኛ። ይጋባሉ። ልጇ ቴሌቪዥኑን በእርግጫ ይሰብረዋል፣ ባለ ሱቁ አላገለግልም ይላል። እዚህ ድረስ የምትጠብቁት ነው። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥንዶቹ ከእረፍት ሲመለሱ ሁሉም ደግ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ለምን? አንዷ ዕቃ ማስቀመጫ ምድር ቤት ትፈልጋለች፣ ልጁ ልጅ የሚጠብቅለት ይፈልጋል፣ ባለ ሱቁ ደንበኛው ቀርታበታለች። ኤሚ ራሷ ደግሞ የአሊን ጡንቻ ለጓደኞቿ እያስነካች ታሳያለች፣ ኩስኩስ ሥሪልኝ ሲላት እንቢ ትላለች። የምትወደው ሰው እኮ ናት! የሰርጋቸውን ምሳ የሚበሉትስ የት ነው? ሂትለር ይመገብበት የነበረ ምግብ ቤት፣ እሷ ሁልጊዜ ማየት ትመኝ ስለነበር። ይሄንን የምትናገረው ያለ ምንም ክፋት ነው። ከብሩክነር ድስት እስከዚህ ምግብ ቤት ድረስ አንድ መስመር ነው ያለው፣ ፕሮግራማችንም ይሄን መስመር ይከተል ነው ሃሳቤ።

የሴቶች ክፍል፦ ይሄን ተቀብያለሁ። አምስተኛውስ?

የፊልም ክፍል፦ "ኤም"፣ የላንግ፣ 1931። ሕፃናት የሚገድል ሰው በፉጨቱ ይታወቃል፣ የሚያውቀውም ዓይነ ስውር ፊኛ ሻጭ ነው። ከፖሊስ ቀድመው ይዘው የሚያቆሙት ደግሞ ሌቦች ናቸው፣ ችሎት ሰይመው። ማን ነው የመፍረድ መብት ያለው የሚለው ጥያቄ በሳምንቱ ከምናሳየው የሽታውተ ፊልም ጋር ይገናኛል። ግድያ አይታይም፣ ለልጆች ግን አይሆንም፤ ትንንሾች ቤት ይቅሩ።

የሴቶች ክፍል፦ ትንንሾች ቤት ሲቀሩ እናቶችም ይቀራሉ፣ ይሄ ተረሳ። ለልጆች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይጨመር። ሎተ ራይኒገር ጥቁር ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች የሠራችው "የልዑል አህመድ ጀብዱዎች" አለ፣ 1926። አንድ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ልጆቹ ከፊልሙ በኋላ መቀስና ወረቀት ይሰጣቸው፣ ራሳቸው ጥላ ይሥሩ።

ገንዘብ ያዥ፦ መቀሱን ከማኅበሩ መጋዘን አወጣለሁ፣ ወጪ የለውም።

ጸሐፊ፦ በጣም ጥሩ። የማመልከቻው ዋና አንቀጽ እንዲህ ቢሆንስ፦ "ማኅበራችን ከ1924 እስከ 1974 የተሠሩ አምስት የጀርመን ፊልሞችን ለማሳየት ድጋፍ ይጠይቃል። ፊልሞቹ የተመረጡት ክብር ስለማጣት፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ጦርነትና ከጦርነት በኋላ አብሮ ስለ መኖር ስለሚያነሱ ነው። የአብዛኛው አባላችን ሕይወት እነዚህን ጥያቄዎች ያውቃቸዋል። ከእያንዳንዱ ፊልም በኋላ በውጭ አወያይ የሚመራ ውይይት በአማርኛ ይደረጋል፣ ለጀርመን ጎረቤቶችም ይተረጎማል። አንድ ቅዳሜ ለልጆች ይመደባል።"

አንጋፋ አባል፦ ጥሩ ነው። ተርጓሚውን እኔ እሆናለሁ፣ በነፃ።

የወጣቶች ክፍል፦ ሜትሮፖሊስ እንደው ዝም ብሎ ቀረ?

ጸሐፊ፦ ተጠባባቂ ነው። የአንዱ ፈቃድ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከበዛ እሱ ይገባል፣ ጽፌዋለሁ። ፖስተሩን ደግሞ እናንተ ሥሩ። የዋጋው መልስ ከቪስባደንና ከበርሊን እንደመጣ በጀቱን አያይዤ እልካለሁ፤ እስከዛ ተቃውሞ ያለው እዚሁ ይጻፍ።