ከርዳዳ ፀጉሬን በግማሹ ላለስልሰው?

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ፀጉሬ በጣም ከርዳዳ ነው፤ ሲጎትቱት ትከሻዬ ይደርሳል፣ ሲለቁት ጆሮዬ ላይ ይሰበሰባል። 4 ዓመት ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) አልነካውም። አሁን ግን ማበጠሩ አቃተኝ። ቅዳሜ ታጥቤ 2 ሰዓት ፈጀብኝ፤ ማበጠሪያው ጥርስ ላይ ትንንሽ ቋጠሮዎች ተጠቅልለው ቀሩ። ቅቤም ሹሩባም ሞክሬያለሁ። ሹሩባው ደህና ነበር፣ ሲፈታ ግን ያው ነው። የከተማችን ብርድና ንፋስ ደግሞ ያደርቀዋል።

ፀጉር ሠሪዬ «ሪላክሰሩን ከቅባት ቀላቅዬ ቶሎ ላጥበው፤ ጥቅልሉ ሳይጠፋ ይላላል» አለችኝ። አንዴ ከላላ እንደማይመለስ፣ አዲሱም ከርዳዳ ሆኖ እንደሚበቅል አውቃለሁ። የምፈራው የላላውና አዲሱ ፀጉር የሚገናኙበትን መጋጠሚያ ነው፤ ድሮም የተሰበረብኝ እዚያ ጋ ነው። እንዲህ በግማሹ ያለሰለሳችሁ፣ አዲሱ ፀጉር ሲያድግ መጋጠሚያው ሳይሰበር ቆየላችሁ?