በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሮጡት የነበረውን ውድድር ጅማ ላይ እንዴት እናዘጋጀው?

የጊቤ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የምንማር ተማሪዎች ነን። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝና የአሜሪካ ተማሪዎች ያደርጉት የነበረውን አይነት ውድድር በሳር ሜዳ ላይ ማካሄድ አስበናል። ልብሱን እናሰፋለን፤ የከበደን የርቀቱ፣ የአነሳሱና የመሰናክሉ ነገር ነው። የሚያውቅ በዝርዝር ቢነግረን።

ባለሜትሩ፦
ከርቀቱ ጀምሩ፤ ሁሉም በያርድ ነበር። 100 ያርድ 91.44 ሜትር፣ 440 ያርድ 402.34 ሜትር፣ አንድ ማይል 1609.34 ሜትር ነው። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1864 ኦክስፎርድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ውድድሩ 8 ብቻ ነበር፤ ሩጫ፣ መሰናክልና ዝላይ እንጂ ውርወራ አልነበረበትም። እናንተም በስምንት ብትወሰኑ አንድ ቀን ይበቃችኋል።

440 ያርድ ዙር ለመስራት፦ ሁለት ቀጥታ መስመር እያንዳንዳቸው 80 ሜትር፣ ሁለት ግማሽ ክብ በ38.27 ሜትር ራዲየስ። ልኬቱ የሚያዘው ሯጩ ከውስጠኛው ጠርዝ 30 ሳንቲሜትር ራቅ ብሎ ሲሮጥ ነው። መሃል ላይ ችካል ምቱና በብረት ሜትር እየዞራችሁ ኖራ በትኑ። በሲባጎ አትለኩ፤ ይሳባል፤ ራዲየሱ በ10 ሳንቲሜትር ከተሳሳተ ዙሩ በ63 ሳንቲሜትር ይዛባል። ቦታው ቢያንስ 157 በ77 ሜትር ስለሚፈልግ፣ የሯጮቹ ስፋት ሳይጨመር እንኳ፣ ተራ የኳስ ሜዳ አይበቃውም። ቦታ ካጠረ ዙሩን ትታችሁ ቀጥታ ሩጫ ብቻ አድርጉ።

አንድ ነገር አትርሱ፦ ኦክስፎርዶች የሚዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴንስ ኦሎምፒክም እንደዚሁ። ቀኝ እጃችሁ ወደ ውስጥ ይሁን።

ቀይ አፈር፦
አነሳሱና መሰናክሉ ላይ ልጨምር፤ ዘመኑ የሚታወቀው እዚያ ነውና።

የእግር መነሻ ብረት ያኔ አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ሯጩ ቆሞ ነበር የሚነሳው። በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ቻርልስ ሸሪል እ.ኤ.አ. በ1888 ተጎንብሶ ተነሳ፤ በ1896 አቴንስ ላይ ቶማስ በርክ በዚሁ አነሳስ 100 ሜትሩን በ12.0 ሰከንድ አሸነፈ። ስለዚህ በአንድ ማጣሪያ ውስጥ አንዱ ቆሞ አንዱ ተጎንብሶ ቢነሳ ለዘመኑ ትክክል ነው፤ ሁሉንም አታስጎንብሱ።

ለተጎንባሹ በትንሽ መኮትኮቻ ሁለት ጉድጓድ ይቆፈራል። የፊተኛው ከመስመሩ 40 ሳንቲሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ ሯጩ የኋላ እግሩን ጉልበት ከፊተኛው እግሩ ጎን መሬት ያስነካ፤ ጣቶቹ ያረፉበት ቦታ የሁለተኛው ጉድጓድ ነው። ጥልቀቱ 6 ወይም 7 ሳንቲሜትር ይበቃል፤ ዋናው እግር የሚገፋው የኋላ ግድግዳ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። የጅማ አፈር ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ በጥር ደርቆ ደግሞ እንደ ጡብ ይሆናል። ዋዜማውን ማታ መነሻው ላይ ውሃ አርከፍክፉ፣ ጠዋት ቆፍሩ። በጠዋቱ ውሃ ካጠጣችሁት ግድግዳው በመጀመሪያው ግፊት ይናዳል። ከየማጣሪያው በኋላም ጉድጓዱ ተሞልቶ ይደቅደቅ፤ የሚቀጥለው ሯጭ ቁርጭምጭሚቱ እንዳይገባበት።

መሰናክሉ 120 ያርድ፣ 10 መሰናክል፣ ቁመቱ 106.7 ሳንቲሜትር። እስከ መጀመሪያው 13.72 ሜትር፣ በመሃል 9.14 ሜትር፣ ከመጨረሻው እስከ ማብቂያው 13.72 ሜትር። የዚያ ዘመን መሰናክል መሬት ውስጥ የተተከለ ስለነበር ሲመቱት አይወድቅም፤ የሚወድቀው ሯጩ ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ይዘሉት የነበረው፤ የፊት እግርን ቀጥ አድርጎ ሳያቋርጡ መሻገርን ያስፋፋው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው አልቪን ክሬንዝላይን ነው። እናንተ ግን አግዳሚው እንጨት ሲመታ እንዲወድቅ በምስማር አትምቱት። 1.5 ሜትር የባህር ዛፍ ቋሚ ቁረጡ፣ 40 ሳንቲሜትሩን ቅበሩ፣ ቁመቱን ከተተከለ በኋላ ለኩና አግዳሚውን የምታስቀምጡበትን ቦታ ቅረጹ። አግዳሚው ከሯጩ በተቃራኒ ባለው የቋሚው ጎን ይቀመጥ። ሯጩ በሚመጣበት ጎን ከሆነ ቋሚው ይዞት ይጥለዋል። ሁለት ሁለት ሰው ብታሮጡ 20 መሰናክል፣ ማለትም 40 ቋሚ ይበቃል።

የጊቤ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልን። ዱላ ቅብብልስ? ሴቶች እህቶቻችንም መሳተፍ ይፈልጋሉ፤ ዘመኑ ይፈቅድ ነበር?

አሎሎ፦
እኛ ዱላ ቅብብል እንላለን እንጂ ያኔ ዱላ አልነበረም፤ መጪው የተራኛውን እጅ ሲነካ ተራኛው ይነሳል። የፔንሲልቫኒያው የቅብብል ውድድር እ.ኤ.አ. በ1895 ሲጀመር አራት አራት ሆነው እያንዳንዳቸው ሩብ ማይል ይሮጡ ነበር። ተራኛው መስመሩን ቀድሞ እንዳያልፍ አንድ ዳኛ እጃቸውን ብቻ ይይ።

ሴቶቹ ይሩጡ እንጂ! በአሜሪካ የቫሳር ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች የራሳቸውን የአትሌቲክስ ቀን ያደረጉት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ነው። ረጅም ቀሚስ አታልብሷቸው፤ ለስፖርት ጉልበት ላይ የሚሰበሰብ ሰፊ ሱሪ ይለበስ ነበር።

አሎሎ ከፈለጋችሁ 16 ፓውንድ ማለት 7.26 ኪሎ ነው፤ የዛሬው የወንዶቹ አሎሎ ራሱ ስለሆነ አዲስ አትግዙ። ሽልማቱ ደግሞ ዋንጫ ወይም ሜዳሊያ ይሁን፤ ለገንዘብ የሮጠ ተማሪ ከአማተሮቹ ጋር እንዳይወዳደር ይታገድ ነበር።

ባለሜትሩ፦
ስለ ማብቂያው አንድ ነገር ቀርቷል። በሁለት ቋሚ መሃል በደረት ልክ የሚዘረጋው የሱፍ ክር ይሁን፣ ናይሎን ወይም ሲባጎ ቆዳ ይቆርጣል። ክሩ ከቋሚዎቹ ጋር በጥብቅ አይታሰር፤ ደረት ሲነካው ወዲያው መላቀቅ አለበት። ዳኛውም የሚያየው ክሩ መበጠሱን ሳይሆን የሯጩን ደረት ነው።