ሜናስ ቱ ሶሳይቲን ከ16 ዓመት ወንድሜ ጋር ልየው ወይስ ይቅር?

ማታ_ማታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው፣ ሰሞኑን ሜናስ ቱ ሶሳይቲን (የ1993ቱን የአሜሪካ ፊልም፣ የሎስ አንጀለስ ጥቁር ወጣቶችን ታሪክ) ካላየሁ ብሎ ሙጭጭ ብሏል። ነገሩ የጀመረው ስልኩ ላይ ባያት ክሊፕ ነው፣ ያቺ ኦ-ዶግ የሚባለው ጎረምሳ ሱቅ ውስጥ ኮሪያውያኑን ባለሱቆች፣ ባልና ሚስቱን፣ የሚገድልባት፣ ተቆርጣ ሙዚቃ ተጨምሮባት የምትዞረዋ። ለኔም አሳየኝ፣ እየሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም እኮ፣ ድመታችን የታመመች ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ ያደረ ልጅ ነው፣ ግን እየሳቀ ነበር፣ ሦስት ጊዜ መልሶ መልሶ ከፈታት።

እኔ ፊልሙን ያየሁት ድሮ ነው፣ ትዝ የሚለኝ ሽጉጡና ሙዚቃው ብቻ ነበር፣ ስለዚህ ትናንት ማታ እሱ ከተኛ በኋላ ብቻዬን እንደገና አየሁት፣ መጨረሻው ላይ አለቀስኩ። አሁን ግራ ገብቶኛል። አብረን እንየው ወይስ እምቢ ልበለው? እምቢ ብለው ተደብቆ እንደሚያየው ደግሞ አውቃለሁ። ለናንተ ይሄ ፊልም ግድያን ያሳምራል ወይስ ያስጠላል? የልባችሁን ንገሩኝ።

የቪኤችኤስ_ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ ለአሁን ይቅር ባይ ነኝ። በ15 ዓመቴ ነው ያየሁት፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር፣ ሲያልቅ አንዳችንም ዋናውን ልጅ ኬይንን መሆን አላማረንም፣ ሁላችንም የፈለግነው ጓደኛውን ኦ-ዶግን ነበር። አረማመዱን፣ አነጋገሩን፣ ያቺን ፈገግታውን ምናምን ለወራት ስንኮርጅ ከረምን። ኦ-ዶግን የሠራው ላረንዝ ቴት ፊልሙ ሲወጣ ገና 17 ዓመቱ ነበር፣ ፊቱ የልጅ ፊት ነው፣ የሚያስፈራውም የሚስበውም እሱ ነው። ዳይሬክተሮቹ እንድንጠላው ፈልገው ይሆናል፣ እኔ ግን ያኔ አልጠላሁትም፣ እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ቦይዝ ን ዘ ሁድን አሳዪው። እሱም ሎስ አንጀለስ ነው፣ 1991 ላይ የወጣው፣ ግን እዛ ውስጥ ልጁን ቁጭ አድርጎ የሚመክር አባት አለ። ሜናስ ውስጥ የኬይን አባት (ሳሙኤል ኤል ጃክሰን የሠራው) ካርታ እየተጫወተ ልጁ ዓይን ፊት ሰው ይገድላል። አንድ ጎረምሳ ልያዘው የሚለው ነገር የሌለበት ፊልም ነው።

ጥቁርና_ነጭ፦

ወንድሜ ስለ ኦ-ዶግ ያልከው ልክ ነው፣ እኔም ከኮራጆቹ ነበርኩ። ግን ማታ ማታ፣ አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ኦ-ዶግ ባልየውን ከገደለ በኋላ ሚስትየዋን ወደ ጓዳ ወስዶ የሚጠይቃት የካሜራውን ቴፕ ነው። ቴፑን ቤት ወስዶ ለጓደኞቹ እየደጋገመ ያሳያል፣ ይስቃል፣ እነሱም ይስቃሉ፣ አንድ ሰው ሲሞት ያዩት ቲቪ ላይ ስለሆነ የሞተው ሰው አይታያቸውም። ወንድምሽ በስልኩ ያደረገው ቁርጥ ይሄንኑ ነው፣ ክሊፗን ቆርጦ ሙዚቃ የጨመረባት ሰውም እንደዛው። ልጁ አሁን የያዘው የኦ-ዶግን ቴፕ ነው እንጂ ፊልሙን አይደለም፣ ለዚህ ነው ሙሉውን ማየት አለበት የምለው። ሙሉው ውስጥ ያ ቴፕ መጨረሻ ላይ ፖሊስ እጅ ይገባል፣ ክሊፗ ውስጥ ግን ኦ-ዶግ ገድሎ ወጣ፣ አለቀ።

ሌላው፣ ሁሉም ስለ ሱቁ ያወራል እንጂ ለኔ የፊልሙ ልብ ሌላ ቦታ ነው። ኬይን ለሚወዳት ለሮኒ ትንሽ ልጅ ለአንቶኒ ሽጉጥ የሚያስይዝበት ቦታ ትዝ ይልሻል? እዛ ጋ ጥይት አይተኮስም፣ ማንም አይጮህም፣ ኬይን ልክ ኳስ አያያዝ እንደሚያሳይ ታላቅ ወንድም እጁን ያስተካክልለታል፣ በፍቅር ነው የሚያደርገው እኮ፣ ሮኒ (ጃዳ ፒንኬት) ስታይ ነው የምትቆጣው፣ እሱ ደግሞ ምን አጠፋሁ የሚል ፊት ነው ያለው። እናቱ በሄሮይን የሞተች፣ አባቱ ዕፅ ነጋዴ የነበረ፣ ለሱም በልጅነቱ ፍቅር የሰጡት ሰዎች የሰጡት በዚህ መልክ ነው። እዚህ ጋ ፊልሙን አቁመሽ ወንድምሽን "ምን አየህ?" በይው። ምክር አትስጪው፣ ጠይቂው ብቻ።

አያትየው ደግሞ አሉ፣ ሃይማኖተኛ ሽማግሌ፣ ብትኖር ብትሞት ግድ ይሰጥሃል ወይ ብለው ሲጠይቁት ኬይን አላውቅም ይላቸዋል። የመጨረሻው ደቂቃ ላይ ያ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ይሄን የጻፉትና የሠሩት ሰዎች ልጆች ነበሩ፣ አልበርትና አለን ሂውዝ መንትዮች ናቸው፣ ፊልሙ ሲወጣ 21 ዓመታቸው ነበር፣ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የሠሩት (ስክሪፕቱን ከነሱ ጋር ያሰናዳው ታይገር ዊልያምስ ነው)። ስለዚህ ትልቅ ሰው ቆሞ የሰበከው ፊልም አይደለም፣ ወንድምሽም ይሄን ቶሎ ነው የሚያሸተው።

የሰፈር_ታሪክ፦

በሁለታችሁም ሐሳብ እስማማለሁ ግን የቀረ ነገር አለ። ያ የሱቅ ትዕይንት ከሰማይ አልወረደም። መጋቢት 1991 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ላታሻ ሃርሊንስ የምትባል የ15 ዓመት ጥቁር ልጅ በ1 ዶላር ከ79 ሳንቲም የብርቱካን ጭማቂ ሰበብ ኮሪያዊት ባለሱቅ ከኋላዋ ጭንቅላቷን በጥይት መትታ ገደለቻት፣ ገንዘቡ ልጅቷ እጅ ላይ ነበር፣ የሱቁ ካሜራም ቀርጾታል። ባለሱቋ ጥፋተኛ ተባለች ግን እስር ቤት አልገባችም፣ ገደብ፣ የ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና የ500 ዶላር ቅጣት ነው የተፈረደባት። ከዚያ 1992 ሚያዝያ መጨረሻ ጥቁሩን ሾፌር ሮድኒ ኪንግን የደበደቡት ፖሊሶች ነፃ ሲባሉ ከተማዋ ተቃጠለች፣ ከ60 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ የኮሪያውያን ሱቆች ወደሙ። ፊልሙ የወጣው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ኬይንና ኦ-ዶግ በሩን ከፍተው ሲገቡ ባለሱቋ ለምን ከኋላ ከኋላቸው እንደምትከተል፣ እነሱም ለምን ወዲያው ደማቸው እንደሚፈላ ያኔ ያየው ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር። ለዚህም ነው ከግድያው ቀጥሎ የ1965ቱን የዋትስ (የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር) ዓመፅ የሚያሳየን፣ 34 ሰው የሞተበትን።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ሁለቱ ባለሱቆች ስማቸውን እንኳ አንሰማም። ፊልሙ ለኬይን አያት፣ እናት፣ አባት፣ ፍቅር ሁሉ ሰጥቶ ለነሱ አንድ ደቂቃ አልሰጠም። ቴፑ ላይ የሚስቁትን ልጆች ይወቅሳል ግን ራሱም ሰዎቹን ከሱቁ አላወጣቸውም። እህቴ፣ ብታዩት ይሄንን አንሺለት፣ እነዚህ ሰዎች ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ ምን እያሰቡ ነበር በይው።

የቪኤችኤስ_ልጅ፦

የቴፑን ነገር እስከ ዛሬ እንደዛ አስቤው አላውቅም። እኛም እኮ ያቺን ቦታ ካሴቱን እያጠነጠንን ነበር የምናያት፣ ያቺን ቦታ ብቻ። አሳዪው በቃ፣ ግን ብቻውን አይየው።

ማታ_ማታ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቅዳሜ አብረን አየነው። ሱቁ ጋ ሳቅ ሳቅ ብሎት ነበር፣ ቴፑን ቤት ውስጥ ሲያዩት ግን ዞር ብሎ አየኝና ስልኩን ሶፋው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው፣ እኔ ምንም አላልኩም። ሽጉጡን ለአንቶኒ ሲያስይዘው ላቁመው ስል "አታቁሚው" አለኝ። የኬይን ዘመድ ሃሮልድ ሲሞት ዝም። መጨረሻ ላይ አንድ መኪና ቀስ ብሎ ሲመጣ ተኩስ ሊከፈት መሆኑን እሱ ከኔ ቀድሞ አወቀ፣ "ልጁ ውጪ ነው፣ ልጁ ውጪ ነው" እያለ ተነስቶ ቆመ።

ካለቀ በኋላ ስለ ኦ-ዶግ ያወራል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ስሙንም አላነሳው። የሰፈር ታሪክ ያልሽውን የባለሱቆቹን ጥያቄ ጠየቅኩት፣ ብዙ ቆየና "ልጆች ነበሯቸው?" አለኝ። ፊልሙ አይነግረንም አልኩት። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያውን ብቻ ከፍቶ እያየ ነበር፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ሴትየዋን ለማየት ነው አለኝ።